ሳይን ኔይል፦ ኦርቶ ለምትገቡ ሬዚደንቶች

ማችንግ (የስፔሻሊቲ ምደባ) እየጠበቃችሁ ያላችሁ ልጆች በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ሁሌ አንድ ነው፣ ኦርቶ (የአጥንት ቀዶ ህክምና) የት ብገባ ይሻላል። እኔ ደሞ መልሼ የምጠይቃችሁ እዛ ሆስፒታል ሳይን አለ ወይ፣ ካለስ ሬዚደንቱ (ስፔሻሊቲ እየተማረ ያለው ሀኪም) በእጁ ይሰራበታል ወይ ነው። ብዙዎቻችሁ ምን እንደሆነ ስለማታውቁት ዛሬ እንደሚሰራበት ሰው የማስበውን ልጻፍላችሁ።

ሳይን ዶ/ር ሉዊስ ዘርክል የሚባሉ አሜሪካዊ የአጥንት ሀኪም እ.ኤ.አ. በ1999 ያቋቋሙት፣ ኔይሉን (አጥንት ውስጥ የሚገባውን ብረት) የሚያቀርብ ድርጅት ነው፣ ዋና ቢሮው ዋሽንግተን ስቴት ሪችላንድ የምትባል ከተማ ነው፣ ኔይሉና ስክሩ መክፈል ለማይችል በሽተኛ በነፃ ነው የሚሰጠው። እኛ ሀገር ጥቁር አንበሳም ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልም ሰርተውበታል።

ጭኑ የተሰበረ አዋቂ ሰው ዋናው ህክምናው አጥንቱ ውስጥ ረጅም ብረት አስገብቶ ከላይና ከታች በስክሩ መቆለፍ ነው። ጣጣው የታችኛው ስክሩ ላይ ነው፣ ብረቱ አጥንት ውስጥ ተደብቆ ቀዳዳውን እንዴት ታገኘዋለህ? ሀብታም ሀገር በሲአርም (ኦፕሬሽን ላይ እያሉ አጥንቱን በሚያሳይ የራጅ ማሽን) እያዩ ነው የሚሰሩት። ሲአርም ከሌለ ወይ ተበላሽቶ ከቆመ ግን በሽተኛው ትራክሽን ላይ (እግሩ በክብደት እየተጎተተ) ስድስት ሳምንትና ከዛ በላይ ጣራ እያየ ይተኛል፣ ገበሬ ከሆነ የዘር ወቅቱ አለፈው ማለት ነው፣ አስታማሚውም ስራውን ትቶ አብሮት ወለል ላይ ይከርማል። ሳይን ኔይል የተሰራው ለዚህ ነው፣ ያለ ሲአርም እንዲቆለፍ።

አሰራሩን ልንገራችሁ ምክንያቱም ትምህርቱ ያለው እዚህ ጋ ነው። ሪሚንጉ (የአጥንቱን ውስጥ መቦርቦሩ) በእጅ ነው፣ ሞተር የለውም። ቲ ቅርፅ ያለውን እጀታ ይዘህ ቀስ እያልክ ስታዞር ሪመሩ ኮርቴክሱን (ጠንካራውን የአጥንት ግድግዳ) መንካት ሲጀምር መንቀጥቀጡ መዳፍህ ላይ ይሰማሃል፣ እዛ ጋ ነው የኔይሉን ውፍረት የምትወስነው። የወጣውን የአጥንት ፍርፋሪም አትጥለውም፣ ስብራቱ ጋ መልሰህ ታደርገዋለህ። ከዛ ኔይሉን ከታርጌት አርሙ (የቀዳዳዎቹን ቦታ ከውጭ ከሚያሳየው ክንድ) ጋ አስረህ ታስገባና ከታች ትጀምራለህ፣ የቅርቡን ኮርቴክስ ትበሳና ስሎት ፋይንደር የምንለውን ቀጭን ብረት ሰደህ የኔይሉን ቀዳዳ ትፈልጋለህ። ሲገባ ታውቀዋለህ። ስሎት ፋይንደሩን ስታዞረው ኔይሉ አብሮ ሲንቀሳቀስ ይሰማሃል፣ ካልተንቀሳቀሰ ከጎኑ ነህ ማለት ነው፣ ማንም ሲኒየር ቆሞ ቢነግርህ የራስህ ጣት እስኪለየው ድረስ አይገባህም። በጨለማ የቤቱን ቁልፍ ቀዳዳ በጣቱ የሚፈልግ ሰው አስቡ፣ እንደዛ ነው።

በዚህ የሰለጠነ ሬዚደንት ነገ ዞን ሆስፒታል ተመድቦ መብራት ቢጠፋ፣ ማሽን ቢበላሽ፣ እጁን አጣጥፎ አይቆምም። ለኔ ከሁሉም የሚበልጥብኝ ይሄ ነው። ተመራቂዎቻችን የሚሄዱት ሁሉም ነገር የተሟላበት ቦታ አይደለም እኮ።

ሁለተኛው ደሞ የሳይን የኬስ መመዝገቢያ ዳታቤዝ ነው፣ ብዙ ሰው እንደ ወረቀት ስራ ነው የሚያየው፣ እኔ ግን እንደ አስተማሪ ነው የማየው። ያስገባኸውን ኔይል የሚተካልህ ኬሱን ስታስመዘግብ ነው፣ ከኦፕሬሽን በፊትና በኋላ ያለውን ኤክስሬይ ትጭናለህ፣ እዛ ማዶ ያሉ ሰርጅኖች አይተው አስተያየት ይሰጡሃል፣ ስብራቱ እንዲህ ቢያዝ ይሻል ነበር፣ ረዘም ያለ ኔይል ለምን አልመረጥክም ምናምን። የሰራኸውን ነገር ሌላ ሀገር ያለ ሰው አይቶ ይናገርሃል ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ለፎሎውአፕ (ለክትትል) ደሞ በሽተኛው ቁጢጥ ብሎ ፈገግ ሲል ፎቶ ይነሳል። ቁጢጥ ካለ ጉልበቱም ዳሌውም ይታጠፋል፣ ክብደቱንም ችሏል፣ ፊቱ ላይ ህመም ከሌለ ነገሩ ጥሩ ነው። ሜዳ ላይ ቁጢጥ ብሎ ለሚፀዳዳና ለሚያርም ሰው ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላውቅም። ሩቅ የሚኖሩትን ሁሌ መልሶ ማምጣት ይከብዳል፣ እኔ የልጃቸውን ወይ የጎረቤት ስልክ እይዝና ፎቶውን በቴሌግራም እንዲልኩልኝ አደርጋለሁ።

ጉድለቱን ካልነገርኳችሁ ደሞ ልክ አይሆንም። ፌመር (የጭን አጥንት) ላይ አጥንቱ ስለሚጎብጥ ኔይሉ ሲገባ ይታጠፍና ታርጌት አርሙ የሚያሳይህ ቦታና እውነተኛው ቀዳዳ ይለያያሉ፣ ቲቢያ (የቅልጥም አጥንት) ላይ ይቀላል፣ ስለዚህ ከቲቢያ ጀምሩ። ኔይሉ ውስጡ ድፍን ስለሆነ በጋይድ ዋየር (መንገድ በሚመራ ቀጭን ሽቦ) ላይ አይሄድም፣ ያለ ሲአርም ስብራቱን ብዙ ጊዜ ከፍተህ ነው የምታገጥመው፣ በተለይ ወጌሻ ጋ ከርሞ አጥንቱ አጥሮ የመጣ ከሆነ መክፈቱ ግድ ነው፣ መክፈት ደሞ የኢንፌክሽን ስጋት አለው። መገጣጠሚያ አጠገብ ያሉ ስብራቶች ላይም አታስገድዱት፣ ፕሌት (ከአጥንቱ ውጭ የሚታሰር ብረት) የሚሻልበት ቦታ ብዙ ነው። በሳይን ብቻ ያደገ ሬዚደንት ሲአርም ያለበት ሲሄድ የሲአርሙ አሰራር አዲስ ይሆንበታል፣ ስለዚህ ሁለቱንም የምታገኙበት ሮቴሽን ካለ እንዳያልፋችሁ።

ከአምስት 4.5 እሰጠዋለሁ፣ ግማሿን የቀነስኩት ለፌመሩ ነው።

ሆስፒታል ስትመርጡ ሳይን አለን በሚለው ብቻ አትርኩ። ስሙን የማልጠራው አንድ ቦታ የሳይን መሳሪያው ሙሉ ነበር፣ ግን ጁኒየሮቹ ኬስ እየመዘገቡ ስሎት ፋይንደር ሳይነኩ ዓመት ያልፋቸዋል። እዛ ያሉትን ሁለተኛ ዓመት ሬዚደንቶች ሪሚንጉን ማን ነው የሚሰራው፣ የታችኛውን ስክሩ ማን ነው የሚያስገባው ብላችሁ ጠይቁ፣ ፎሎውአፕ ክሊኒኩን ማን እንደሚይዝም ጠይቁ፣ የሰራውን በሽተኛ መልሶ የማያይ ሬዚደንት ካለ እዛ ፕሮግራም ከመግባታችሁ በፊት ሁለቴ አስቡ።