የመኪና ጣሪያ ድንኳን ከወራት በኋላ፦ ብቻውን ለሚጓዝ፣ ሐይቅ ዳር ለሚያድር

አከፋፈቱን ሁሉም ያሳያችኋል። መቆለፊያው ቀጭ ይላል፣ ክዳኑ በራሱ ሽቅብ ይነሳል፣ በቃ፣ መኝታ ተዘጋጀ። እውነት ነው፣ የእኔም እንደዚያው ነው። ማንም የማያሳያችሁ አዘጋጉን ነው። በተለይ ብቻችሁን ስትሆኑ፣ በተለይ ደግሞ ሐይቅ ዳር አድራችሁ ስትነሱ።

የእኔ ድንኳን ጠንካራ ክዳን ያለው፣ በአንድ ጎኑ ብቻ የሚከፈት፣ በመሰላል የሚወጣበት ዓይነት ነው። "ለሁለት ሰው" የሚለውን ጽሑፍ ተዉት፤ ለአንድ ሰው ግን ይንደላቀቁበታል። ከገዛሁት ወራት አልፈዋል። አብዛኛውን ጊዜ ያደርኩበት በአንድ ትልቅ ሐይቅ ዙሪያ፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ እያልኩ፣ ብቻዬን ስነዳ ነው።

ወደ አዘጋጉ ልመለስ። ቺንጊያውን ይዛችሁ ክዳኑን ወደ ታች ትስባላችሁ። ክዳኑን ወደ ላይ የሚገፉት የጋዝ ዘንጎች መጀመሪያ እሺ አይሉም፤ እየገፉ ይቆዩና ድንገት ይለቃሉ። በዚህ መሃል ሸራው በየጎኑ ወደ ውጭ ይወጣል። ሁለት ሰው ቢሆን አንዱ ይስባል፣ ሌላው ሸራ ይወሽቃል። ብቻችሁን ግን ግማሽ ድረስ ትዘጋላችሁ፣ ዞራችሁ ትወሽቃላችሁ፣ ትስባላችሁ፣ ደግሞ ትዞራላችሁ። "ይሁን" ብሎ መተው አይቻልም። ጠርዙ ላይ የጣት ያህል ሸራ ብቅ ብሎ ከቀረና መንገድ ላይ ዝናብ ካገኛችሁ፣ ያቺ ብጣሽ እንደ ኩራዝ ክር ውሃውን ስባ ታስገባዋለች። ማታ ስትከፍቱ የፍራሹ ጥግ ርሷል። መፍትሔው ሸራውን ከውጭ ዙሪያውን የሚያቅፍ ላስቲክ ገመድ ነው፤ ክዳኑ ሲወርድ ሸራውን እሱ ራሱ ወደ ውስጥ ይሰበስበዋል። ከድንኳኑ ጋር ካልመጣ ለብቻው ግዙት። አንድ መስኮትም ሳትዘጉ ተዉ፣ አየሩ መውጫ ካጣ ሸራው ተነፍቶ አስቸጋሪ ይሆናል።

ሌላው ጣጣ እርጥበት ነው። ሰው ተኝቶ ሲያድር በትንፋሹና በቆዳው በግምት ሩብ ሊትር ውሃ ያወጣል። ሐይቅ ዳር ደግሞ የውጭው አየር ራሱ በእርጥበት ጠግቦ ስለሚያድር የእናንተን የሚቀበልበት አቅም የለውም። እርጥበቱ ቀዝቃዛው ክዳን ላይ ይጤዛል፣ ንጋት ላይ ጠብ ይላል፣ ግንባር ላይ። ብዙ ሰው "ድንኳኑ ያፈሳል" ብሎ የሚያማርረው ይህን ነው። አያፈስም፣ የራሳችሁ ትንፋሽ ነው! በረደኝ ብላችሁ ሁሉንም መስኮት ጥርቅም ካደረጋችሁ ይብሳል። ከፊትም ከኋላም ትንሽ ከፍቶ፣ ወፍራም ደርቦ መተኛት ነው የሚያዋጣው። ለሙቀት ብሎ ውስጥ ምድጃ ማቀጣጠል ግን በፍጹም፤ ጭሱ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይዱ ይገድላል።

ጠዋት ስትነሱ ፍራሹን ገልብጣችሁ ሥሩን በመዳፋችሁ ዳስሱት። እርጥብ ነው፤ የሰውነት ሙቀት እርጥበቱን ወደ ታች ገፍቶ ቀዝቃዛው ወለል ላይ ስላስቀረው። ሥሩ አየር የሚያሳልፍ፣ ሁለት ሳንቲሜትር እንኳን የማይሞላ የተቦረቦረ ምንጣፍ ካስገባሁ በኋላ ይህ ነገር በጣም ቀንሶልኛል። ከተጨማሪ ዕቃዎቹ ሁሉ አንድ ብቻ ግዛ ብትሉኝ እሱን ነው የምገዛው።

አቋቋምም ለውጥ ያመጣል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ማታ ወደ ዝቅታው ይወርዳል፤ ውሃው አፍ ላይ ከመቆም ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ይሻላል። ውሃው ዳር ፎቶው ያምራል፣ ሌሊቱ ግን አይገፋም። ነፋሱ ደግሞ የራሱ ሰዓት አለው፦ ቀን ምድሩ ከውሃው ቀድሞ ስለሚሞቅ ከሐይቁ ወደ ምድር ይነፍሳል፣ ሌሊት ይገለበጣል፣ ያኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደከም ያለ ነው። ስለዚህ የድንኳኑን ዝቅተኛ ጎን፣ ክዳኑ የማይነሳበትን፣ ለሐይቁ እሰጣለሁ። አዎ፣ ትልቁ በር ለሐይቁ ጀርባውን ይሰጣል ማለት ነው። ያን ሁሉ ገንዘብ ለእይታው ብላችሁ ከፍላችሁ ከጎን መስኮት ማየት ያናድዳል፤ ሸራው እስኪመሽ ድረስ ሲንቋቋ ከማዳመጥ ግን ይሻላል።

ነፍሳት። መብራቱ ነጭ ከሆነ የሐይቁ ዝንብ በሙሉ እናንተ ጋ ነው። ቢጫ አድርጉት፣ ይቀንሳል። መረቡ ለትንኝ ይበቃል፤ ደቃቅ የሚናከሱት ግን ያልፉታል።

ክብደት ላይ ሰው ይሳሳታል። የመኪናው መመሪያ ላይ የተጻፈው የጣሪያ ጭነት ልክ መኪናው ሲሄድ ነው፤ ፖርቶመጋላውም ድንኳኑም እዚያ ውስጥ ይቆጠራሉ። ቆሞ ሲያድር ጣሪያው ከዚያ ብዙ እጥፍ ስለሚሸከም እናንተ መውጣታችሁ ችግር የለውም። እንዲህ ዓይነት ድንኳን በቀላሉ 60 ወይም 70 ኪሎ ይሆናል፣ ቁጥሩን ሳታዩ አትግዙ። ኮረኮንች መንገድ ከነዳችሁ በኋላ ቡሎኖቹን አጥብቁ፤ የእኔዎቹ ላልተው አግኝቻቸዋለሁ። ኩርባ ላይም መኪናው ዘንበል ማለቱ ይታወቃችኋል፣ ነዳጅም ይጨምራል።

ለማን ይሆናል? በየቀኑ ቦታ ለሚቀይር ሰው ይሆናል። መሬቱ ጭቃ ይሁን ጠጠር አያስጨንቃችሁም፣ ካስማ መምታት የለም፣ ፍራሹም እንደተነጠፈ ይታጠፋል። አንድ ቦታ ሦስት አራት ቀን ለሚቀመጥ ግን አልመክርም። ውሃ ለመግዛት እንኳን ብትፈልጉ ቤታችሁን አጥፋችሁ ነው የምትነዱት። ለዚያ ዓይነቱ ሰው መሬት ላይ የሚተከል ድንኳን በጥቂት ገንዘብ ይሻለዋል።

እስካሁን ሸራው አልተቀደደም፣ ዚፖቹም ደህና ናቸው። ሻጋታ የለበትም፤ እርጥብ ሆኖ ከታጠፈ በማግስቱ ፀሐይ ላይ ከፍቼ ሳላደርቀው አላልፍም። የተዳከሙት የጋዝ ዘንጎቹ ናቸው። ብርድ ጠዋት ላይ ክዳኑ እስከ መጨረሻ አይነሳም፣ በእጅ መግፋት አለ። ሻጩን ብጠይቀው ለብቻቸው አይሸጥም፤ ልኩን ለክቼ፣ የግፊት ቁጥሩን ከላያቸው ላይ አንብቤ ሌላ ቦታ እያፈላለግኩ ነው። ልትገዙ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ከፍራሹ ልስላሴ በፊት።