ከ«ስታር ትሬክ» ያገኘሁት «አሊስ»፦ ከወራት ንባብ በኋላ

«ስታር ትሬክ ዲስከቨሪ» የተባለውን የጠፈር ተከታታይ ድራማ ያየ ሰው «አሊስ በድንቅ ምድር» የተባለውን መጽሐፍ ያውቀዋል። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ማይክል በርናም አውሬ እያሳደዳት በጠባብ መተላለፊያ ትድሃለች፤ እየዳኸችም ከመጽሐፉ በቃሏ ትወጣለች። በልጅነቷ ያነበበችላት ያሳደገቻት አማንዳ ናት፤ የማይክል የማደጎ ወንድም የስፖክ እናት። በሁለተኛው ሲዝን ደግሞ ስፖክ ልጅ ሳለ ፊደልና ቁጥር ይገለባበጥበት እንደነበር እንሰማለን። እዚህ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ የእንግሊዝኛውን «ቢ» ከ«ዲ» መለየት ያቅተዋል። መጽሐፉን ያኔውኑ አዘዝኩ።

የኔው ሁለቱንም የደራሲው ሉዊስ ካሮል የአሊስ ታሪኮች በአንድ ጥራዝ የያዘ ነው። የጆን ቴኒየል ሥዕሎች ሙሉ ናቸው፤ በመጀመሪያው ታሪክ 42፣ በሁለተኛው 50። ጥራዙ በክር የተሰፋ ስለሆነ በየማታው ቢከፈት ቢዘጋም አንድ ገጽ አልወለቀም። የሽፋኑ ጠርዝ ግን ተልጧል።

ቅር ያሰኘኝ ህትመቱ ነው። ጥላ የበዛባቸው ሥዕሎች ላይ ቀለሙ ተደፍኖ ቀጫጭን መስመሮቹ ጠፍተዋል። ቴኒየል ራሱ እ.ኤ.አ. በ1865 የመጀመሪያውን ህትመት ጥራት ስላልወደደው መጽሐፉ እንደገና ታትሟል። ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር? ደግሞ የሚስቀው ድመት ሁለት ሥዕሎች ድሮ በተከታታይ ቅጠሎች ላይ ነበሩ። ቅጠሉን ስትገልጡ ድመቱ ይጠፋል፣ ፈገግታው ይቀራል። የኔ እትም ጎን ለጎን አድርጎ ጨዋታውን ገድሎታል።

እንግሊዝኛው ለልጅ ይከብዳል፤ በተለይ ግጥሞቹ። እኔ ሥዕሉን እያሳየሁ በአማርኛ እተርክለታለሁ፤ ከዚያ አጫጭር መስመሮችን እሱ ያነባል።

በሁለተኛው ታሪክ የአንድ ግጥም መጀመሪያ ተገልብጦ ታትሟል፤ በመስታወት ካልሆነ አይነበብም። ልጄ መስታወቱን ከመታጠቢያ ቤት አምጥቶ ገጹ ላይ ደገነው። ቃላቱ ትርጉም የለሽ ስለሆኑ በግምት ማለፍ አይቻልም። ጣቱን እያስኬደ ፊደል በፊደል አነበበው፤ አንድም ጊዜ አልተናደደም። በድራማው ስፖክ ሲደጋግማቸው የነበሩት ቁጥሮችም ተገልብጠው ሲነበቡ ነው የፕላኔት አድራሻ የሆኑት። ይህን ስነግረው ያንን የድራማውን ክፍል ካላየሁ ብሎ አስቸገረኝ።

ንባቡ ተስተካከለ አልልም፤ ለዚያ የልዩ ፍላጎት መምህር አለችው። መጽሐፍ አምጪ ማለት ግን ጀምሯል። የምትገዙ ከሆነ ጥራዙ የተሰፋ መሆኑን እዩ፤ የድመቱንም ገጽ ገልጣችሁ ሳታረጋግጡ አትክፈሉ።