የቴርቩረኑ የአፍሪካ ሙዚየም፦ ከየት ይጀመር፣ ምን ይታይ፣ ምን ይጎድለዋል

ከብራስልስ በሜትሮ ሞንጎመሪ ድረስ ይሂዱና 44 ቁጥር ትራም ይያዙ። ትራሙ ጫካውን አቋርጦ የመጨረሻው ፌርማታ ሲደርስ ቴርቩረን ነው፤ ከዚያ ሙዚየሙ የጥቂት ደቂቃ እርምጃ ነው። ሰኞ ዝግ ነው። ከከተማው ወደ ቴርቩረን የሚያመጣው ሰፊ ጎዳና ራሱ የታሪኩ አካል ስለሆነ በመስኮት በኩል ይዩት፤ የቤልጂየሙ ንጉሥ ሊዮፖልድ ሁለተኛ በ1897 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) እዚህ ላዘጋጀው የቅኝ ግዛት ኤግዚቢሽን ብሎ ያስወጣው ነው።

በዚያ ኤግዚቢሽን 267 ኮንጎዎች በመርከብ መጥተው በመናፈሻው ውስጥ በተሠራ "መንደር" ለሕዝብ ታዩ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው አጥር ተደግፎ አያቸው። በዝናቡና በብርዱ ሰባቱ ሞቱ። መቃብራቸው ከከተማው የቅዱስ ዮሐንስ ወንጌላዊ ቤተ ክርስቲያን ጎን ነው፤ ጉብኝቱን ከዚያ መጀመር ይሻላል። ስማቸው ኤኪያ፣ ጌምባ፣ ኪቱኳ፣ ምፔያ፣ ዛኦ፣ ሳምባ እና ሚባንጌ ነው። ውስጥ ሲገቡ እንደገና ያገኟቸዋልና ስሞቹን ይያዙ።

ሙዚየሙ ለአምስት ዓመት ለእድሳት ተዘግቶ የተከፈተው በታኅሣሥ 2018 ነው። መግቢያው አዲሱ የመስታወት ሕንፃ ሲሆን ከእሱ በመሬት ሥር ረጅም መተላለፊያ ታልፎ ወደ ድሮው ሕንፃ ይወጣል። መተላለፊያው ላይ ያለችውን 22 ሜትር የምታህል፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች ታንኳ ቆም ብለው ይዩ። በዚያው ምድር ቤት ጥቁር ሕዝብን አውሬ አስመስለው የሚያሳዩ የቀድሞ ሐውልቶች ለብቻቸው በአንድ ክፍል ተሰብስበዋል። ብዙ ሰው አሳንሰሩን ፈልጎ ሲቸኩል ያልፋቸዋል፤ ልጆች ይዘው ከሆነ ምን እንደሚያዩ አስቀድመው ይንገሯቸው።

ዋናው ነገር ያለው ጉልላቱ ሥር ነው። ግድግዳው ውስጥ በወርቅ ቀለም የደመቁ ሐውልቶች ቆመዋል፤ አንዱ "ቤልጂየም ለኮንጎ ሥልጣኔን ስታመጣ" ይላል። ሕንፃው በቅርስነት ስለተመዘገበ ሐውልቶቹን ማንሳት ሕግ አይፈቅድም። ስለዚህ ኮንጎዊው ኤሜ ምፓኔና ቤልጂየማዊው ዣን ፒየር ሙለር ምስል የታተመበት ስስ መጋረጃ በየሐውልቱ ፊት ሰቀሉ። ጨርቁ ብርሃን ስለሚያሳልፍ የኋላው ሐውልትና የፊቱ ምስል በአንድ ጊዜ ይታያሉ። ፊት ለፊት ብቻ ቆመው ካዩት ግን ጨርቁ ይጋርዳል እንጂ አይናገርም፤ ወደ ጎን ጥቂት ይራመዱ።

መሃል ላይ ምፓኔ ከእንጨት ያነፀው ትልቅ የሰው ራስ አለ፤ ስሙ "አዲስ እስትንፋስ" ነው። ትይዩው ደግሞ የአለቃ ሉሲንጋ የራስ ቅል ምስል ነው። ሉሲንጋን በታንጋኒካ ሐይቅ አካባቢ በ1884 ያስገደለውና ጭንቅላቱን ያስቆረጠው የቤልጂየም መኮንን ኤሚል ስቶርምስ ነበር። ሁለቱ ራሶች ፊት ለፊት መቆማቸው ከቤቱ ጽሑፍ ሁሉ ይበልጥ ይናገራል፤ ትኬቱ ለዚህ ብቻ ቢከፈል አይቆጭም።

ከዚያ ወደ መታሰቢያው አዳራሽ። ግድግዳው ላይ ከ1876 እስከ 1908 ኮንጎ ውስጥ የሞቱ 1,508 ቤልጂየማውያን ስም ተጽፏል። የኮንጎዎች ስም አልነበረበትም። ፍሬዲ ጺምባ የተባለው የኪንሻሳ ቀራጺ ቤልጂየም መጥተው የሞቱትን ኮንጎዎች ስም መስኮቶቹ ላይ ስላሰፈረ ፀሐይ ስትወጣ የስማቸው ጥላ በግድግዳው ስሞች ላይ ያርፋል። ደመና ከሆነ ግን ምንም አይታይም፤ የብራስልስን ሰማይ ለሚያውቅ ይህ ትልቅ ጣጣ ነው። የአየር ትንበያ አይተው ይሂዱ።

ቤቱ የሚያሳፍረው የቅኝ ግዛት ታሪክ ክፍል ላይ ነው። ሕንፃው የቆመው በኮንጎ ገንዘብ ሆኖ ሳለ ገንዘቡ እንዴት እንደተገኘ የሚያስረዳው አንድ ክፍል ብቻ፣ ያውም ጠባብ ነው። መግለጫው ስለሚያጥር ሥርዓቱን አውቆ መግባት ያስፈልጋል። የሊዮፖልድ መንግሥት ከእርሻና ከመኖሪያ ውጭ ያለውን መሬት "ባለቤት የሌለው" ብሎ ወረሰ። በየመንደሩ በሚዛን የሚለካ የጎማ ግብር ጣለ። ጎማው የሚገኘው ከዱር ሐረግ ነው፤ ቅርቡ ሲያልቅ ወንዶቹ ጫካ ዘልቀው ሳምንታት ይቆያሉ፣ ሚስቶቻቸው እስኪመለሱ በመያዣነት ይታሰራሉ፣ እርሻው ጦም ያድራል፣ ረሃብና በሽታ ይከተላል። ወታደር ጥይት በከንቱ እንዳያባክን ለተኮሰው ሁሉ የተቆረጠ ቀኝ እጅ እንዲያመጣ ይጠየቅ ነበር። ጥይቱን ለአደን ያዋለ ወታደር የጎደለውን ከሕያው ሰው ቆርጦ ይሞላ ነበር። ይህ ሰንሰለት በሥዕልና በካርታ ትልቅ አዳራሽ ይገባዋል። የኮንጎ ዘማች አባት ወይም አያት ያለው ኢትዮጵያዊ ስለ 1960ው ነፃነትና ስለ መጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ስለ ሉሙምባ ግድያ ብዙ ጠብቆ ይገባል፤ የሚያገኘው ግን አይበቃውም።

ቅኝ ግዛት የሌለበት ዓለም ምን ይመስል ነበር የሚለው ጥያቄ የሚመጣው የቋንቋና የሙዚቃው ክፍል ውስጥ ነው፤ እዚያ አንድ ሰዓት ይመድቡ። በኪንሻሳ መንገዶች ትራፊክ የሚያስተናብረውን ዓይነት፣ ኮንጎ ውስጥ የተሠራውን ሮቦትም ይፈልጉ። ልጆች ከእሱ አይለዩም።

መግለጫዎቹ በደች፣ በፈረንሳይኛ፣ በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ ናቸው። የባለቤቶቹ ሊንጋላና ስዋሂሊ ከአራቱ ውስጥ የሉም።

የዕቃዎቹ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። በሰኔ 2022 ንጉሥ ፊሊፕ ካኩንጉ የተባለውን የሱኩ ሕዝብ ትልቅ ጭምብል ኪንሻሳ ድረስ ወስደው አስረከቡ፤ ግን "ላልተወሰነ ጊዜ ውሰት" ተብሎ ነው። በ2018 የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የመቅደላን ቅርስ ለኢትዮጵያ በረጅም ጊዜ ውሰት ልስጥ ያለውን ለሚያስታውስ ቃሉ አዲስ አይደለም። ቤልጂየም በዚያው 2022 በሁለት መንግሥታት ስምምነት ባለቤትነትን ለማስተላለፍ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች፤ የ84,000 ያህል ዕቃዎች ዝርዝርም ለኮንጎ ተሰጥቷል። ዕቃ ባዩ ቁጥር መግለጫው ላይ "ማን፣ መቼ፣ እንዴት አመጣው" የሚለውን ይፈልጉ። መልሱ ከሌለ የመረጃ ሠራተኛውን ይጠይቁ። ሦስት ሰዓት ያህል ይበቃል፤ መቃብሩን ከጨመሩ አራት ያድርጉት።