ባርበሪ፣ ኮሽም ወይስ አጋም? ለመሀል አዲስ አበባ ግቢ የእሾህ ተክል ለመግዛት

አጥር ከፈለጋችሁ ኮሽም፣ ልጆች የሚበሉት ፍሬ ከፈለጋችሁ አጋም፣ ለዓይን የሚያምር ነገር ከፈለጋችሁ ባርበሪ ግዙ። ለቸኮለ ሰው ይህ ይበቃዋል። ችግሩ ብዙ ገዢ ሦስቱንም ከአንድ ተክል መጠበቁ ነው፤ በተለይ ቀይ ቅጠል ያለውን ባርበሪ ያየ ሰው ስለ አጥር ማሰቡን ትቶ ወደ ኪሱ ይገባል።

ባርበሪ የሚባለው አንድ ተክል አይደለም፤ በዓለም ላይ ከ400 በላይ ዝርያዎች አሉት። ለጌጥ የሚተከለው ባለ ቀይ ቅጠሉ ዝርያ ከጃፓን የመጣ ነው። ጎምዛዛ ፍሬው የሚበላው ሌላ ሲሆን መገኛው አውሮፓና ምዕራብ እስያ ነው፤ ኢራናውያን ዘሬሽክ ብለው አድርቀው ከሩዝና ከዶሮ ጋር የሚበሉት የዚሁ ዘመድ የሆነውንና ፍሬው ዘር አልባ የሆነውን ነው። ሦስተኛው በኢትዮጵያና በምሥራቅ አፍሪካ ደጋ በራሱ የሚበቅለው ነው። ስለዚህ ሻጩ «ፍሬውም ይበላል» ካላችሁ የየትኛውን ፍሬ ማለቱ እንደሆነ ጠይቁት። የጃፓኑ ፍሬ መልኩ ያምራል እንጂ ለምግብ የሚፈለግ አይደለም።

ስሙን ከማመን ተክሉን መመርመር ይሻላል። ከቅርንጫፉ ቅርፊት በጥፍራችሁ ትንሽ ፋቁ፤ ከሥሩ የሚወጣው እንጨት እንደ እርድ ቢጫ ከሆነ ባርበሪ ነው። ቀለሙ የሚመጣው በርበሪን ከተባለው መራራ ንጥረ ነገር ነው። የአገራችን ባርበሪ እሾህ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቦታ ሦስት ሆኖ ይወጣል፤ የጃፓኑ ግን በአብዛኛው ነጠላ ነው። አጋምን ለመለየት ቅጠል ቀንጥሱ፤ ነጭ ወተት ይወጣዋል፤ ቅጠሎቹም ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይቆማሉ። ኮሽም ወተት የለውም፤ ረጅምና ቀጥ ያለ ነጠላ እሾህ ነው ያለው።

አሁን ወደ አጥሩ። በከተማችን አሮጌ ግቢዎች ኮሽም የተለመደው ያለ ምክንያት አይደለም። ሻጭ ኮሽም የሚለው የአገራችንንም ከደቡብ አፍሪካ የመጣውንም ነው፤ የደቡብ አፍሪካው እሾህ እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ድርቅን ይችላል፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን ይዞ ይቆያል፣ በተቆረጠ ቁጥርም ይጠቀጠቃል። በአንድ ሜትር ርቀት ከተተከለ ለ10 ሜትር አጥር 11 ችግኝ ይበቃል። ባርበሪ ግን ግማሽ ሜትር ያህል ነው የሚፈልገው፤ ለዚያው ርቀት 21 ችግኝ መሆኑ ነው። ይህን ሁሉ ከፍላችሁ የምታገኙት አጥር ቁመት አንድ ሜትር ወይም አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ውሻ ያቆም ይሆናል፤ ሌባ ግን አያቆምም። ዋጋ ስትጠይቁ ስለዚህ የአንዱን ችግኝ ሳይሆን የአንዱን ሜትር አስሉ።

ኮሽምም እንከን አለበት። ካልተገረዘ ወደ ጎን ይሰፋል፤ በካዛንቺስና በአራት ኪሎ አካባቢ ባሉ ጠባብ ግቢዎች መኪና ማቆሚያውን ሊበላ ይችላል። የተቆረጠው ቅርንጫፍ በጊዜው ካልተነሣ ጎማም እግርም ይወጋል። ፍሬ ለሚፈልግ ደግሞ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ የሚበቅሉ ተክሎች ናቸው፤ ገና ችግኝ ሳሉ ደግሞ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ጥቂት ዛፎች ገዝቶ አበባ እስኪያወጡ መጠበቅ ግድ ነው። ፍሬው በጣም ጎምዛዛ በመሆኑ እንዲሁ ከመብላት ይልቅ በስኳር ተቀቅሎ ማርማላታ ቢሆን ይመረጣል።

ለልጆች አጋም ይሻላል። አበባው ነጭና መዓዛማ ነው፤ ፍሬው ከቀይ ወደ ጥቁር ሲቀየር ይጣፍጣል፤ ሳይበስል ግን መብላት አይገባም። ጉዳቱ አዝጋሚነቱ ነው፤ አጥር እስኪሆን ትዕግሥት ይጠይቃል። በቶሎ መጋረጃ ለሚፈልግ ሰው አልመክረውም።

ባርበሪ ታዲያ የት ይሁን? በር አጠገብ፣ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ ወይም በሣር ሜዳ ጠርዝ ላይ፣ ፀሐይ በሚያገኝበት ቦታ። ጥላ ውስጥ ከተተከለ ቀይ ቅጠሉ ወደ አረንጓዴ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ የከፈላችሁበት ነገር የለም ማለት ነው። ፎቅ ጥላውን የሚጥልበት ግቢ ያላችሁ ሰዎች ከመግዛታችሁ በፊት ፀሐዩ ቀን የት የት እንደሚያርፍ እዩ። ውሃ የሚቋጥር አፈርም አይወድም፤ በከተማዋ ደቡብ በኩል ዋልካ አፈር ያላችሁ ከፍ ያለ መደብ ሥሩለት። ሦስቱንም ለመትከል ጥሩው ጊዜ ክረምቱ ሲገባ ነው።

ሥሩንና ቅርፊቱን ለመድኃኒት ብላችሁ ባርበሪ የምትገዙ ካላችሁ ግን ተዉት። በርበሪን ከአንዳንድ መድኃኒቶች ጋር ይጋጫል፤ ለነፍሰ ጡርና ለጨቅላ ሕፃን ደግሞ አይሆንም። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይንካው።

ስንዴ የሚዘራ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። የስንዴን ግንድ የሚያጠቃው ዋግ ባርበሪ ላይ ተራክቦውን ስለሚፈጽም አዳዲስ የዋግ ዝርያዎች ሊፈጠሩ የሚችሉት እዚያ ነው። አሜሪካኖች በ1918 እ.ኤ.አ. ባርበሪን ከእርሻ አካባቢ የመንቀል ዘመቻ የጀመሩት ለዚህ ነበር። የጃፓኑ ዝርያ ባብዛኛው ዋጉን ይቋቋማል፤ የአውሮፓው ግን በቀላሉ ይያዛል። ከባርበሪ ቅጠል የሚነሣው የዋጉ ዘር ብዙ ርቀት ስለማይሄድ ካዛንቺስ ያለ አንድ ማሰሮ ለማንም ስጋት አይደለም። አርሲ ወይም ባሌ ያለ አጎት በስንዴው ማሳ ዳር የሚተክለው ችግኝ ላኩልኝ ቢል ግን አጋም ላኩለት።