ከአእምሮ ሐኪሙ ከአንቶኒ ስቶር አራት መጻሕፍት የቱን ልግዛ?

ገንዘባችሁ ለአንድ መጽሐፍ ብቻ የሚበቃ ከሆነ «ሶሊቲዩድ»ን (ብቻ መሆን ማለት ነው) ግዙ። ለሁለት ከበቃ «ቸርችልስ ብላክ ዶግ»ን ጨምሩ። ሌሎቹ ሁለቱ የተወሰነ አንባቢ የሚፈልጉ ናቸው።

ጥያቄው የመጣው ከእህቴ ልጅ ነው። ደብረ ብርሃን ነው የምንኖረው። ልጁ ሥዕል ይሥላል፤ ቤት ውስጥ እንግዳ ሲበዛ ወረቀቱን ይዞ ወደ ጓዳ ይገባል። እናቱ «ልጄን ምን ነካብኝ?» ትላለች። አንዳንድ ጎረቤት ደግሞ ጎበዝ ተማሪ ዝም ሲል «አብሾ ጠጥቶ ይሆናል» ወይም «ትምህርት በዝቶበት ነው» ማለት ይቀናዋል። ለእሱም ለእናቱም የሚሆን መጽሐፍ ስፈልግ አራቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ እንደገና አነበብኋቸው።

ስቶር ከ1920 እስከ 2001 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የኖረ እንግሊዛዊ የአእምሮ ሐኪም ነው። የሥነ ልቦና ሊቃውንቱን የፍሮይድንም የዩንግንም ትምህርት ጠንቅቆ ያውቃል፤ ለአንዳቸውም ግን አይሰግድም። እንግሊዝኛው ጥሩ ነው፤ መዝገበ ቃላት አጠገቡ ያስቀመጠ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አይቸገርበትም።

በዕድሜ ቀዳሚው በ1972 የወጣው «ዘ ዳይናሚክስ ኦቭ ክሪኤሽን» ነው። ሰው ለምን ይፈጥራል ብሎ ይጠይቃል። ፍሮይድ የደራሲን ሥራ ያልተሟላ ምኞት የወለደው የቀን ሕልም አድርጎ ያየው ነበር፤ ስቶር ይህ አይበቃም ይላል። ከሰው የራቀ፣ በድባቴና በደስታ መካከል የሚዋልል፣ ሁሉን ነገር በሥርዓት ካላስቀመጠ የማያርፍ ሰው፣ እያንዳንዱ ከፈጠራ የሚያገኘው ነገር ይለያያል። ኒውተንና አንስታይን ለመጀመሪያው ዓይነት ምሳሌ ሆነው ቀርበዋል። የሥነ ልቦና ተማሪ ከሆናችሁ መሠረቱ እዚህ ነው። ለሌላው አንባቢ ግን ይከብዳል፤ ሰውን በዓይነት በዓይነት መመደቡም ዛሬ ያረጀ ይመስለኛል።

«ሶሊቲዩድ» ከዚያ ሁሉ የተለየ ነው። እኛ ዘንድ ብቻ መሆን ሁለት ፊት አለው። «ለብቻ የበላ ለብቻው ይሞታል» እንላለን፤ ቡና ተፈልቶ የቀረ ጎረቤት ይጠየቃል፣ ከዕድር የጠፋ ይታማል። ያው የሚያማው ሰው በዓት ዘግቶ የሚጸልይ ባሕታዊ ሲያገኝ ግን ዝቅ ብሎ ይሳለማል። ስቶር የሚሞግታቸው የዘመኑን የሙያ ባልደረቦቹን ነው፤ የሰውን ጤንነት ከሌላ ሰው ጋር ባለው ቅርበት ብቻ ይለኩ ነበርና። ኒውተን፣ ፈላስፎቹ ካንትና ዊትገንስታይን፣ ታሪክ ጸሐፊው ጊበን ትዳር አልያዙም፤ የሕይወታቸውን ትርጉም በአብዛኛው ያገኙት በሥራቸው ነው። እነዚህን ሁሉ በሽተኛ ልንላቸው ነው? ይላል በሐሳቡ።

እናትየውን የረዳት ክፍል ግን ሌላ ነው። ዊኒኮት የተባለው የሕፃናት ሐኪም በ1958 የጻፈውን ስቶር በሰፊው ያብራራል፦ ብቻ መሆን መቻል የሚጀምረው እናቱ አጠገቡ ሆና በራሱ ጨዋታ ከተዋጠ ሕፃን ነው። ስለዚህ ጓዳ ገብቶ መሣል የፍቅር ማጣት ምልክት መሆኑ ቀርቶ፣ በፍቅር መጥገብ የሰጠው ድፍረት ሊሆን ይችላል። ይህን ስነግራት ቡናውን መቅዳቱን አቁማ ዝም አለች።

መጽሐፉ ብቸኝነትን ቀብቶ አያሳምርም። በ1934 በአንታርክቲካ በረዶ ውስጥ ለብቻው ወራት ያሳለፈው አድሚራል በርድ ሰላም ፈልጎ ሄዶ በምድጃ ጭስ ሊሞት እንደነበር ይተርካል፤ በእስር ቤት ለብቻ መዘጋት አእምሮን እንዴት እንደሚያፈርስም ያሳያል። የመረጡትና የተጫነ ብቸኝነት ለየቅል ናቸው። ሳነብ በመጽሐፉ የሌሉ አንድ ሰው ደጋግመው ትዝ አሉኝ፤ እዚሁ አንኮበር ተወልደው፣ ቪላ አልፋ ያሉትን ቤታቸውን ራሳቸው ነድፈው እዚያው ሲሠሩ የኖሩት ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ።

እንቅልፍና ምግብ ያጣ፣ የሚወደውን ሥራ እንኳ የተወ፣ መሞትን የሚያነሳ ልጅ ካላችሁ ግን ይህን ሁሉ እርሱት። ለእሱ የሚያስፈልገው ሐኪም ነው፤ ዛሬውኑ ውሰዱት።

«ቸርችልስ ብላክ ዶግ» የድርሰቶች ስብስብ ነው። የአዲስ አበባን 130 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ለሚመላለስ ሰው ይመቻል፤ አንዱ ድርሰት ከሌላው ጋር አልተሳሰረም። የመጀመሪያው ድርሰት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝን የመራው ቸርችል «ጥቁር ውሻ» ስለሚለው ድባቴው ነው። ተስፋ መቁረጥን ዕድሜ ልኩን የታገለ ሰው በ1940 ተስፋ ለቆረጠ ሕዝብ ተስፋ መስጠት ቻለ የሚለው ክርክሩ ልብ ይነካል። ቅሬታዬ አንድ ነው፦ ስቶር ቸርችልን አላከመውም፤ ከወረቀት ላይ ነው የመረመረው፤ እርግጠኛነቱ ግን እንደ አካሚ ነው። ከዚህ ይልቅ ስለ ደራሲው ካፍካ የጻፈው ይበልጥብኛል። መጻፍ ባይኖር ራሱ የሚጠፋ የሚመስለውን ሰው በርኅራኄ ይቀርበዋል። የአብሾውን ወሬ የሚመልሰውም ይኸው መጽሐፍ ነው። ሕመም ሊቅ አያደርግም፤ ብዙ ጊዜ ሥራው ሕመሙን የሚመክቱበት ጋሻ ነው።

«ሚውዚክ ኤንድ ዘ ማይንድ» በ1992 ወጣ። ሙዚቃ ስሜትን ከመቀስቀስ አልፎ ሥርዓት ያስይዛል ይላል። በዐቢይ ጾም አሥሩን የበገና አውታር ለብቻው የሚደረድር ሰው ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። ምሳሌዎቹ ግን በአብዛኛው የአውሮፓ ክላሲካል ናቸውና ዋግነርንና ስትራቪንስኪን ካልሰማችሁ ግማሹ ያመልጣችኋል። ለሙዚቀኛ ብቻ።

ስትገዙ ሁለት ነገር አስተውሉ። ኒውተን በ«ዳይናሚክስ»ም፣ በ«ሶሊቲዩድ»ም፣ በ«ብላክ ዶግ»ም ይመጣል፤ ሦስቱን ባንድ ጊዜ የገዛ ድግግሞሹ ያሰለቸዋል። ሁለተኛው፣ ያገለገለ መጽሐፍ ስታገላብጡ «ዘ ስኩል ኦቭ ጂኒየስ» የሚል የስቶር ሥራ ካገኛችሁ አዲስ እንዳይመስላችሁ። «ሶሊቲዩድ» በ1988 እንግሊዝ አገር መጀመሪያ የወጣው በዚያ ስም ነው። ረከስ ያለውን ያዙ።