በቤት የሚሠራ የጊታር ዲስቶርሽን ፔዳል፦ ባፈር ያለው ወይስ የሌለው?

የዲስቶርሽን ፔዳል (የጊታሩን ድምፅ አሻክሮ የሚያወጣ በእግር የሚረገጥ መሣሪያ) በገዛ እጁ ሊገጣጥም የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያማርጠው ዳዮድ ነው፤ ጀርማኒየም፣ ሲሊከን ወይስ ኤልኢዲ እያለ ቀናት ያሳልፋል። እኔ ግን ምርጫው ከመግቢያው ይጀምር እላለሁ። ጊታሩን የሚቀበለው ሰርኪት ኢምፒዳንሱ (ለሲግናሉ የሚያሳየው ተቃውሞ) ስንት ነው? ከፊቱስ ምን ይቆማል፤ በተለይ ባፈር፣ ማለትም ሲግናሉን ሳያጎላ በከፍተኛ ኢምፒዳንስ ተቀብሎ በዝቅተኛ የሚያሳልፍ ትንሽ ሰርኪት፣ አለ ወይ? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ሳይመለሱ የተገዛ ዕቃ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይፈታል።

ነገሩ የሚጀምረው ከፒካፑ፣ ማለትም የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል ከሚለውጠው የሽቦ ጥቅል ነው። ባለ አንድ ጥቅል ፒካፕ በመለኪያ ሲታይ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ኦም ያህል ያሳያል፤ ቁጥሩ ግን ያሳስታል። ጥቅሉ 2 ሄንሪ ተኩል ያህል ኢንዳክታንስ (የኤሌክትሪክ ለውጥን የመቃወም ባሕርይ) ስላለው፣ ድምፁ እየቀጠነ ሲሄድ ኢምፒዳንሱ በብዙ አሥር ሺዎች ኦም ይቆጠራል። ስለዚህ ዝቅተኛ ኢምፒዳንስ ያለው መግቢያ ሲገጥመው አስቀድሞ የሚሞተው ቀጭኑ ድምፅ ነው። የጊታር ማጉያዎች መግቢያ በአብዛኛው 1 ሜጋ ኦም የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ንጽጽሩ። በአንድ ወገን የቆመው ባፈር የሌለው፣ በሁለት ትራንዚስተር የሚሠራው ፈዝ የሚባለው የዲስቶርሽን ዓይነት ነው፤ በ1966 የወጣው ፈዝ ፌስ ዋናው አብነቱ ነው። መግቢያው ጥቂት ኪሎ ኦም ብቻ ስለሆነ ፒካፑን ይጫነዋል። ይህ ጉድለት ይመስላል፤ የዚህ ፔዳል ውበት ግን ያለው እዚያው ነው። የጊታሩን ቮልዩም ትንሽ ዝቅ ስታደርጉ ከፊቱ ያለው ኢምፒዳንስ ይጨምራል፣ የትራንዚስተሮቹ ጉልበት ይቀንሳል፣ ድምፁም ጠርቶ ይወጣል። ፒካፑና ፔዳሉ አንድ ሰርኪት ሆነዋል ማለት ነው።

በመካከላቸው ባፈር ሲገባ ይህ ዝምድና ይቋረጣል። የመጀመሪያውን ፈዜን የሠራሁ ጊዜ ከፊቱ ባፈር ያለው መቃኛ ፔዳል አስቀምጬ ነበር። ድምፁ እንደ ተርብ ሰላ፤ ቮልዩሙን ዝቅ ባደርግም አልጠራም። ትራንዚስተሮቹን ሁለት ጊዜ ፈትቼ መልሼ በየድኳቸው፤ ለውጥ የለም። መቃኛውን ከፈዙ በኋላ ሳደርገው ግን ስፈልገው የነበረውን ድምፅ ወዲያው ሰማሁት። ስለዚህ ይህን ዓይነት የምትመርጡ ከሆነ ቦታው ከጊታሩ ቀጥሎ መሆኑን አስቀድማችሁ ወስኑ። ከባፈር በኋላ መቀመጡ ግድ ከሆነ በመግቢያው ላይ በተከታታይ ከ10 እስከ 50 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ማስገባት ሹልነቱን ያለዝበዋል፤ የጥቅሉን ባሕርይ ግን ሙሉ በሙሉ አይመልስም። ዋው ፔዳል (በእግር እየተንቀሳቀሰ ድምፁን «ዋው» የሚያሰኝ) ከፊቱ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ፈዙ የዋውን መውጫ ስለሚጫነው ዋው ይደክማል፣ አንዳንዴም ያፏጫል። እዚያ በሁለቱ መካከል ባፈር ማስገባት ተገቢ ነው።

በሌላው ወገን ያሉት መግቢያቸው ከፍተኛ የሆነ ፔዳሎች ናቸው። ኤምኤክስአር ዲስቶርሽን ፕላስና ፕሮኮ ራት በኦፕ-አምፕ (በአንድ ቺፕ ውስጥ ባለ ማጉያ) ተቀብለው 1 ሜጋ ኦም አካባቢ ያሳያሉ፤ ቱብ ስክሪመር ደግሞ ሲግናሉን በትራንዚስተር ባፈር ተቀብሎ በባፈር ይሸኘዋል። ለእነዚህ ከፊታቸው ባፈር መኖር አለመኖሩ ብዙም ለውጥ አያመጣም። የእነርሱን ዓይነት ሰርኪት የሚገጣጥም ሰው ለመግቢያው ሌላ ባፈር ባይገዛ ይሻለዋል። ብዙ ፔዳል ደርድሮ ቦታቸውን የሚቀያይር ጀማሪ ከእነዚህ አንዱን ይያዝ፤ የሚጫወተው በቮልዩም ቁልፉ የሆነ ሰው ግን የፈዙን ምላሽ እዚህ አያገኘውም።

ባፈሩን ለብቻው የምትሠሩ ከሆነ ሦስት መንገዶች አሉ። እንደ 2ኤን5088 ያለ ተራ ትራንዚስተር ርካሽና አስተማማኝ ነው፤ ኢምፒዳንሱን የሚወስነው በአብዛኛው የቤዙ (የትራንዚስተሩ መግቢያ እግር) ሬዚስተር ስለሆነ ግማሽ ሜጋ ኦም አካባቢ ይቆያል፤ ለአብዛኛው ጊታርም ይበቃል። ጄፌት የሚባለው የትራንዚስተር ዓይነት 1 ሜጋ ኦምና ከዚያ በላይ በቀላሉ ይሰጣል፤ ነገር ግን አንድ ስም ያላቸው ሁለት ጄፌቶች እጅግ ሊለያዩ ስለሚችሉ እየለኩ መምረጥ ያስፈልጋል። እኔ የምመርጠው ቲኤል072 ኦፕ-አምፕን ነው። 9 ቮልቱን በሁለት እኩል ሬዚስተሮች ከፍሎ 4.5 ቮልት መስጠት ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን ምንም መለካት ሳያሻው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሠራል። ጥራቱ የተመሰገነውን ሌላ ኦፕ-አምፕ፣ ኤንኢ5532ን፣ እዚህ ቦታ አታስገቡት። ግቤቱ 200 ናኖ አምፔር ያህል ስለሚስብ በ1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር ላይ 0.2 ቮልት ይጥላል፤ ከጊታር ጋርም ይበልጥ የ«ሽሽ» ጩኸት ያሰማል።

የኬብሉ ጉዳይ ደግሞ አለ። አንድ ሜትር የጊታር ኬብል 100 ፒኮ ፋራድ ያህል ካፓሲታንስ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያዳክም የኤሌክትሪክ ክምችት አቅም) አለው። በ6 ሜትር ኬብል የፒካፑ ድምፅ ይበልጥ የሚጎላበት ከፍታ 3.7 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ይቆማል፤ ፔዳሎቹ ሁሉ ትሩ ባይፓስ (ሲጠፉ ሲግናሉን በቀጥታ በሽቦ ብቻ የሚያሳልፉ) ሆነው ኬብሉ በድምሩ 12 ሜትር ሲደርስ ወደ 2.8 ይወርዳል፤ ጆሮ ይህን ይሰማዋል። እንዲህ ላለው ሰንሰለት አንድ ጥሩ ባፈር ይበቃል፤ ቦታውም ከፈዙ በኋላ ነው።

ሰርኪት ስትመርጡ መውጫውንም ተመልከቱ። የፔዳሉ ቮልዩም 500 ኪሎ ኦም ከሆነ የሚያሳየው ኢምፒዳንስ እስከ 125 ኪሎ ኦም ይደርሳል፤ ከኋላው 6 ሜትር ኬብል ሲከተል ከ2 ኪሎ ኸርዝ ጥቂት ከፍ ብሎ ቀጭኑን ድምፅ መቁረጥ ይጀምራል። በ100 ኪሎ ኦም ከተሠራ ግን መቁረጫው ከ10 ኪሎ ኸርዝ በላይ ይርቃል። የመጀመሪያው ዓይነት ከሆነና ኬብላችሁ ረጅም ከሆነ በመውጫው ላይ ባፈር ጨምሩ፤ ሁለተኛው ከሆነ እንዳለ ተዉት።