የልጆች የቫይታሚን ምርመራ፦ ደም አቀዳዱ አንደኛ፣ ውጤቱ ግን ግማሽ

የላብራቶሪውን ስም አልጠራም። ለልጆችና ለታዳጊዎች «የቫይታሚን ፓኬጅ» ብሎ የሚሸጠውን ምርመራ ለ12 ዓመቱ ልጄ አሠርቼ ነበር። ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቼዋለሁ።

የሚመሰገነውን ላስቀድም። ደም የቀዳችው ባለሙያ እጇ ቀላል ነው። መርፌ ሲያይ የሚገረጣውን ልጅ እያጫወተች በአንዴ ጨረሰች። ቱቦውንም ወዲያው በፎይል ጠቀለለችው። ሬቲኖል፣ ማለትም ደም ውስጥ የሚለካው ቫይታሚን ኤ፣ ብርሃን ካገኘው ይበላሻል። ይህን የማይጠነቀቅ ቦታ ሞልቷል።

ችግሩ የሚጀምረው ከቅጹ ነው። አለርጂ አለው? መድኃኒት ይወስዳል? ቁርስ በልቷል? ሁሉም ተጠይቋል። ሰሞኑን ታሞ ነበር ወይ የሚል ግን የለም። ልጄ ደግሞ ከቶንሲል ገና ማገገሙ ነበር፤ ትኩሳቱ ከለቀቀው ብዙም አልቆየም።

ውጤቱ መጣ፤ ሬቲኖል 0.64። ከ0.70 ማይክሮሞል በሊትር በታች ስለሆነ በቀይ «እጥረት» ተብሎ ተጽፎበታል። ከሥሩ ከፍ ያለ መጠን ያለው ማሟያ እንዲወስድ ምክር አለ። ሐኪም ሳያየው!

እኔ የምተዳደረው የሥነ ምግብ ጥናት መረጃ በማጣራት ነው፣ ስለዚህ ቀዩን ቀለም ቶሎ አላመንኩትም። ሬቲኖል ደም ውስጥ ለብቻው አይዞርም። ከጉበት ይዞት የሚወጣ ተሸካሚ ፕሮቲን አለ። ሰውነት ከበሽታ ጋር ሲታገልና ሲቆጣ፣ ብግነት የሚባለው ማለት ነው፣ ጉበት የዚያን ፕሮቲን ምርት ይቀንሳል። መጋዘኑ ሙሉ ሆኖ መኪና እንደመጥፋት ነው። ደሙ ላይ ሲለካ እጥረት ይመስላል። ሁሌም የውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ከባድ ኢንፌክሽን ራሱ ቫይታሚኑን ከሰውነት ያስወጣል፣ የዚንክና የፕሮቲን እጥረትም ቁጥሩን ያወርደዋል። ግን ብግነት መኖሩን ሳያዩ በ0.64 መፍረድ አይቻልም።

ለዚህ ደም ውስጥ የሚለኩ፣ ብግነት ሲኖር የሚጨምሩ ሁለት ፕሮቲኖች አሉ። ሲአርፒ በሰዓታት ውስጥ ይወጣል፣ ቶሎም ይወርዳል። ኤጂፒ ዘግይቶ ይነሳና ልጁ ተሽሎት መጫወት ከጀመረ በኋላም ይቆያል። በተለምዶ ሲአርፒ ከ5 ሚሊግራም በሊትር፣ ኤጂፒ ከ1 ግራም በሊትር ካለፈ ብግነት አለ ይባላል። እንደ ልጄ ላለ አገጋሚ ሲአርፒ ብቻውን «ሰላም ነው» ሊል ይችላል። ፓኬጁ ግን አንዳቸውንም አልያዘም። ደውዬ ስጠይቅ «እናት፣ ማሽኑ ያወጣውን ነው የምንሰጠው» ተባልኩ።

በትልልቅ ጥናቶች ላይ ብሪንዳ የሚባለው የተመራማሪዎች ፕሮጀክት ያዘጋጀው ስሌት አለ፤ ሬቲኖሉን በሲአርፒና በኤጂፒ መጠን ያስተካክላል። እሱ ግን ለሕዝብ መረጃ እንጂ ለአንድ ልጅ ወረቀት አይሆንም። ለአንድ ልጅ የሚሻለው እስኪያገግም ጠብቆ ደግሞ መለካት ነው። ማሟያውንም ዝም ብሎ መዋጥ አይመከርም። ትርፍ ቫይታሚን ኤ እንደ ቫይታሚን ሲ በሽንት አይወጣም፣ ጉበት ላይ ይከማቻል።

እኛም ጠበቅን። ሲአርፒውንና ኤጂፒውን ሌላ ቦታ አሠራሁ፤ ሁለቱም ከገደቡ በታች ናቸው። ሬቲኖሉ 1.02 ሆነ፣ ያለ ምንም ማሟያ።

ይበልጥ ያናደደኝ ግን እዚያው ወረቀት ላይ የነበረው ፌሪቲን ነው። የብረት ክምችትን ያሳያል፤ ብግነት ሲኖር ደግሞ እንደ ሬቲኖል አይወርድም፣ ይወጣል። በመጀመሪያው ወረቀት 38 ተብሎ በአረንጓዴ «ጤናማ» ተብሏል። በሁለተኛው 13 ሆኖ ቁጭ አለ፣ ለእድሜው ከሚፈለገው 15 በታች። አሁን ከሐኪሙ ጋር የምንነጋገረው ስለ ብረት ነው።